ወንድምን ለማትረፍ የሚደረግ ተግሣጽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

ከአገልግሎት የራቁ ወንድሞችንና እኅቶችን ቀርቦ ምክንያታቸውን ለጠየቀ ሰው፣ መልሳቸው ብዙውን ጊዜ የሃይማኖት ጥያቄ ሆኖ አያገኘውም፡፡ «በመዘምራኑ ፊት አዋረዱኝ»፤ «ጥፋቴን ከእኔ በፊት ሰፈሩ ሰማው»፤ «መሳሳቴን አልካድሁም፤ የተነገረኝ ግን እንደ ጠላት ነው» የሚል ነው፡፡ በአንጻሩ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉም እያየ አንድም ሰው ሳይነግረው ለዓመታት ያገለገለ፣ በኋላም የተጣለበትን አደራ ሁሉ ይዞ የወደቀ አለ፡፡ የመጀመሪያውን የጎዳው በተግሣጽ ስም የመጣ ውርደት ነው፤ ሁለተኛው የተጎዳው ተግሣጽን ጨርሶ በማጣቱ ነው፡፡ ነገሩን የሚያከብደው ሁለቱንም ጉዳት ያደረሱት ሰዎች መልካም የሠሩ መስሏቸው መሆኑ ነው፡፡ አንደኛው ለእውነት እንደ ቀና ይናገራል፤ ሌላኛው ሰላምን እንደ ጠበቀ ያምናል፡፡

ቃሉን ከምንጩ እንመልከት፡፡ በቤተ ክርስቲያናችን አቈጣጠር ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት መካከል አንዱ «መጽሐፈ ተግሣጽ» ተብሎ ይጠራል፤ ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 25 ጀምሮ እስከ ፍጻሜው ያለው የጠቢቡ ሰሎሞን ትምህርት ነው፡፡ አባቶቻችን አንድን ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ስም የጠሩት ተግሣጽ በእነርሱ ዘንድ ቁጣ ስላልነበረ ነው፡፡ ምክር፣ ትምህርትና እርማት በአንድነት የሚገኙበት፣ አባት ልጁን የሚያሳድግበት ቃል ነው፡፡ ዛሬ ግን «ገሠጸው» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከፍ ያለ ድምፅንና የተኮሳተረ ፊትን ነው፡፡

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ወንድምን ስለ መውቀስ ያስተማረው ትምህርት በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ይገኛል፡፡ ይህን ትምህርት ለብቻው ቆርጦ የሚያነብ ሰው የፍርድ ቤት ሥርዓት ሊመስለው ይችላል፤ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነበበ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፡፡ ምዕራፉ የሚጀምረው ሐዋርያት በመንግሥተ ሰማያት ማን እንደሚበልጥ በጠየቁት ጥያቄ ነው፡፡ ጌታም ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው አቆመ፡፡ ቀጥሎ ከታናናሾች አንዱን ማሰናከል እንዴት አስፈሪ እንደሆነ ተናገረ፡፡ ከዚያም ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን የጠፋ በግ ስለሚፈልገው እረኛ አስተማረ፡፡ «ወንድምህ ቢበድልህ» የሚለው ትምህርት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ወዲያው ተከትሎም ቅዱስ ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ማለት እንደሚገባው ይጠይቃል፤ የብዙ መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ ምሳሌም ይነገራል፡፡ እንግዲህ የተግሣጽ ትእዛዝ የተቀመጠው በፊቱ ሕፃኑና የጠፋው በግ፣ በኋላው ደግሞ ወሰን የሌለው ይቅርታ ባሉበት ቦታ ነው፡፡ ማን ይበልጣል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ወንድሙን ለመገሠጽ አልተዘጋጀም ማለት ነው፤ ትምህርቱ በዚያ ቅደም ተከተል መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይደለም፡፡

የተግሣጹ ዓላማም በዚያው ቁጥር ተገልጧል፡፡ ወንድምህ ቢሰማህ አሸንፈኸዋል አልተባለም፤ ገንዘብህ ታደርገዋለህ ነው የተባለው፡፡ የነጋዴ ቃል ነው፤ ሊጠፋ የነበረ ሀብት በእጅ ሲገባ የሚነገር፡፡ ስለዚህ ከወቀሳው በኋላ «ልክ ልኩን ነገርሁት» እያለ የሚመለስ ሰው፣ የተናገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ሂሳቡን ሲያወራርድ ኪሳራ ላይ ነው፡፡

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ለብቻ፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን፡፡ በዘመናችን ይህ መሰላል ተገልብጧል፡፡ የአንድ ሰባኪ ስሕተት መጀመሪያ የሚነገረው በፌስቡክና በዩቲዩብ ለሺዎች ነው፤ ቀጥሎ በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ሁለትና ሦስት ሆነው ይመክሩበታል፤ ባለቤቱ ራሱ የሚሰማው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ከሰማ፡፡ ስልኩ በእጃችን ያለን ሰው ሳንደውልለት ስለ እርሱ ለዓለም መናገር በየትኛውም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት «ለእውነት መቆም» ሊባል አይችልም፡፡ በውጭ ሀገር ባሉ አጥቢያዎቻችን ጉዳቱ ይብሳል፤ ምእመናኑ ጥቂት፣ ቅዳሴ የሚቀደስበትም ሌላ ቦታ ሩቅ በሆነበት ከተማ አንድ ያልተያዘ ጠብ ጉባኤውን ለሁለት ይከፍላል፡፡

ቤተ ክርስቲያንንም ያልሰማ እንደ አሕዛብና እንደ ቀራጭ ይቈጠር የሚለውን የመጨረሻ ደረጃ «አባረን እንዝጋበት» ብለው የሚተረጕሙ አሉ፡፡ ይሁን እንጂ ይህን ቃል የጻፈልን ማን እንደሆነ ማስታወስ ይገባል፡፡ ቅዱስ ማቴዎስ ራሱ ቀራጭ ነበር፤ ከመቅረጫው ተጠርቶ የወጣ ነው (ማቴ. 9፥9)፡፡ የሐዋርያትን ስም ዝርዝር ሲጽፍም ስሙን ከቀድሞ ሥራው ጋር አስቀምጧል (ማቴ. 10፥3)፡፡ ጌታችን ቀራጮችን እንዴት እንደያዛቸው፣ በማን ቤት እንደበላ፣ ማንን እንደጠራ ያውቃል፡፡ ከኅብረት መለየት በቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሚደረገውም ሰውዬው ያለበትን ሁኔታ አይቶ እንዲመለስ ነው፡፡

ከዚህ ይልቅ ልብን የሚነካው በጸሎተ ሐሙስ ማታ የሆነው ነው፡፡ በየዓመቱ በዚያ ቀን ካህናት አባቶቻችን ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር በውኃ፣ በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ እናያለን፡፡ ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ እንደ ጻፈልን ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት ሰዓት ይሁዳ ከማዕዱ አልወጣም ነበር፤ የአሳልፎ ሰጪው እግርም ከሌሎቹ እግር ጋር ታጥቧል፡፡ በኋላ ጌታ ከመካከላቸው አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው በተናገረ ጊዜ ሐዋርያት ማንን እንዳለ ጨንቋቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ፡፡ ቍራሹን አጥቅሶ ለይሁዳ ሰጠው፤ የሚያደርገውንም ፈጥኖ እንዲያደርግ ነገረው፡፡ በማዕዱ ከነበሩት ግን ለምን እንዲህ እንዳለው ያወቀ አልነበረም፡፡ ይሁዳ ገንዘብ ያዥ ስለ ነበረ አንዳንዶቹ ለበዓሉ የሚያስፈልገውን እንዲገዛ፣ ወይም ለድሆች እንዲሰጥ የላከው መሰላቸው (ዮሐ. 13፥28-29)፡፡

ይህን ቁጥር ቆም ብለን እናስብ፡፡ ከዚህ የከፋ በደል የለም፡፡ በደሉን የሚያውቀው ደግሞ ልብን የሚመረምር አምላክ ነው፡፡ ሆኖም ሦስት ዓመት አብረውት የዋሉት፣ በዚያች ሌሊት በአንድ ገበታ የተቀመጡት ወንድሞቹ ከጌታ አነጋገር የተነሣ ይሁዳን ሊጠረጥሩ አልቻሉም፤ እንዲያውም ለምጽዋት የተላከ መሰላቸው፡፡ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ የመመለሻው በር አልተዘጋበትም፡፡ በጉባኤ ላይ ስም ሳይጠሩ ሁሉም ግን ማን እንደሆነ እንዲያውቅ አድርገው «አንዳንድ ሰዎች» እያሉ የሚወጉ መምህራን ይህን ማዕድ ቢያስቡት መልካም ነው፡፡

ቅዱሳን አባቶች ይህን ከጌታቸው ተምረዋል፡፡ የአባ እንጦንስ ደቀ መዝሙር የነበረውና ኋላ ጵጵስና የተሾመው አባ አሞናስ በአንድ ወቅት ክፉ ስም የወጣበት መነኵሴ ወዳለበት ስፍራ ደረሰ፡፡ የአካባቢው ሰዎች ተቈጥተው መነኵሴውን ከበዓቱ ሊያባርሩት ተሰብስበው ነበርና ኤጲስ ቆጶሱ አብሯቸው እንዲሄድ ለመኑት፡፡ መነኵሴው ይህን ሲሰማ በበዓቱ የነበረችውን ሴት በትልቅ ጋን ውስጥ ደበቃት፡፡ አባ አሞናስ ገብቶ ነገሩን ተረዳ፤ ሄዶም በጋኑ ላይ ተቀመጠና ቤቱ እንዲፈተሽ አዘዘ፡፡ ሰዎቹ ሁሉን ፈትሸው ምንም አላገኙም፡፡ እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ ብሎ ጸሎት አድርጎ ሁሉንም አስወጣቸው፡፡ ከዚያም የመነኵሴውን እጅ ይዞ ለራሱ እንዲጠነቀቅ ብቻ ነግሮት ሄደ፡፡

አባ አሞናስ ጥፋቱን ጥፋት አይደለም አላለም፤ እጁን ይዞ ማስጠንቀቁ ለዚህ ምስክር ነው፡፡ ሰዎቹ በብዙ ጩኸት ሊያደርጉት ያልቻሉትን እርሱ ባጭር ቃል አደረገው፤ ቃሉም የሚደመጥ የሆነው አስቀድሞ በጋኑ ላይ ስለ ተቀመጠ ነው፡፡ መነኵሴው ያ ጳጳስ ሊያዋርደው ሲችል እንዳላዋረደው በዐይኑ አይቷል፡፡ የኤጲስ ቆጶስነት ክብሩን የወንድሙን ገመና ለመሸፈኛ አዋለው፡፡

ይሁንና ይህ ታሪክ በተሳሳተ ቦታ ሲጠቀስ እሰማለሁና በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፡፡ ገመናን መሸፈንና በደልን መደበቅ አንድ አይደሉም፡፡ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የጎደለበትን ሒሳብ «ስም እንዳይጠፋ» ብሎ ማለፍ፣ ሕፃናትን ወይም ደካሞችን የጎዳን ሰው ከአንዱ አጥቢያ ወደ ሌላው በዝምታ ማዛወር የአባ አሞናስ መንገድ አይደለም፡፡ በዚያ ጋን ላይ የምንቀመጠው የተጎዳው ሰው ከሥር ሆኖ እየጮኸ ከሆነ ፍቅራችን ለማን ነው? ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሁለቱንም ጠብቋል፡፡ በሽማግሌ ላይ የሚቀርብ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ተቀባይነት እንዳይኖረው አዘዘ፤ የሚበድሉትን ግን ሌሎች እንዲፈሩ በሁሉ ፊት እንዲገሥጻቸው አዘዘ (1ኛ ጢሞ. 5፥19-20)፡፡ አገልጋይን ከሐሰት ክስ የሚጠብቀው ያው ሥርዓት ምእመናንን ከበዳይ አገልጋይ ይጠብቃል፡፡ ወንጀል የሆነው ደግሞ በሕግ ይጠየቃል፤ ይቅርታ የተጎዳውን አፍ ማስያዣ ሊሆን አይገባም፡፡

በገዳመ አስቄጥስ ይኖር የነበረው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን የምታስበው ሙሴ ጸሊም ደግሞ ከወንበዴነት ወደ ምንኵስና የመጣ አባት ነው፡፡ አንድ ወንድም በድሎ ስለ እርሱ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ጠሩት፤ እንቢ አለ፡፡ ደግመው ሲልኩበት የሚያፈስስ የውኃ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ በሌላው ትረካ አሸዋ የሞላ ቀዳዳ ቅርጫት ነው፡፡ ምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ የገዛ ኀጢአቱ በስተኋላው ሲፈስስ እያለ እርሱ ሳያየው በሌላው ላይ ለመፍረድ መምጣቱን ነገራቸው፡፡ ጉባኤውም ወንድሙን ይቅር አለ፡፡ ስለዚሁ አባት ሌላም ይተረካል፤ ቅስና በተሾመ ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ሊፈትነው ፈልጎ ወደ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ እንዲያባርሩት አደረገ፤ እርሱ ግን ራሱን እየወቀሰ በትዕግሥት ወጣ፡፡ ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ወጣት አገልጋዮችን ለማንጓጠጥ እንደ ፈቃድ የሚጠቅሱ አሉ፡፡ የተመሰገነው የሙሴ ትዕግሥት ነው እንጂ የተነገረው ክፉ ቃል አይደለም፡፡ ትሕትናን ሌላውን በማዋረድ ማስተማር አይቻልም፤ ሙሴም ትሕትናውን ይዞት የመጣው ከውኃ ዕቃው ጋር ነው፡፡

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን የገሠጸበትን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስለ ድሃውና ስለ አንዲት በጉ የተናገረው ምሳሌ በሕፃናት ጉባኤ እንኳ ይነገራል፡፡ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ናታን ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሠራው ነው፡፡ ከአምስት ምዕራፍ በፊት ለዳዊት ዙፋኑ ለዘለዓለም እንደሚጸና የምሥራች ይዞለት የመጣው እርሱ ነበር (2ኛ ሳሙ. 7)፡፡ ከተግሣጹ በኋላ ሰሎሞን ሲወለድም የእግዚአብሔርን ፍቅር የሚገልጥ ስም ይዞ የተላከው እርሱ ነው (2ኛ ሳሙ. 12፥25)፡፡ ከቤርሳቤህ ከተወለዱት የዳዊት ልጆችም አንዱ ናታን ይባላል (1ኛ ዜና 3፥5)፡፡ ንጉሡ ነቢዩን ሲያይ ሁልጊዜ ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው አላየም፡፡ በአገልግሎት ያለን ሰዎች ስልካችን ሲጠራ ወንድማችን «ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ብሎ የሚደነግጥ ከሆነ፣ ናታን የነበረው ነገር ጎድሎናል፡፡

በዳዊት በኩል ደግሞ መሪነቱ የታየው በዚያች ሰዓት ነው፡፡ ነቢዩን ማስገደል የሚችል ንጉሥ በደሉን አመነ፡፡ ከእርሱ በፊት የነበረው ሳኦልም በነቢዩ ሳሙኤል በተገሠጸ ጊዜ በድያለሁ ብሏል፤ ነገር ግን ወዲያው አያይዞ በሕዝቡ ሽማግሌዎች ፊት እንዲያከብረው ለመነው (1ኛ ሳሙ. 15፥30)፡፡ ሁለቱ ነገሥታት ያሉት ቃል ይመሳሰላል፡፡ የሳኦል ሐሳብ ግን ያለው ሰው ምን ይለኛል በሚለው ላይ ነው፡፡ በየሰበካው ይቅርታ ሲጠየቅ ስንሰማ የሳኦልን ድምፅ ከዳዊት ድምፅ ለመለየት ብዙ አያስቸግርም፡፡

ስለ ወጣት ሰባክያን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ጥሩ አብነት አለው፡፡ የእስክንድርያው ሰው አጵሎስ አንደበተ ርቱዕና መጻሕፍትን ዐዋቂ ነበር፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበርና ትምህርቱ ጎደሎ ነበረ፡፡ ጵርስቅላና አቂላ በምኵራብ ሲናገር ሰሙት፤ ወስደውም የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት፡፡ እነርሱ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው፤ እርሱ የታወቀ ተናጋሪ ነው፤ ግን ሰማቸው፡፡ አጵሎስ ዛሬ ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ተቈርጦ በቲክቶክ ይዞርና ቆሮንቶስም ሳይደርስ በቀረ ነበር፡፡

በአደባባይ መገሠጽ ፈጽሞ የለም ወይ? አለ፡፡ ቅዱስ ጳውሎስ በአንጾኪያ ቅዱስ ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ተቃውሞታል (ገላ. 2፥11-14)፤ ከአሕዛብ ማዕድ መለየቱ በአደባባይ የሆነና ሌሎችን ያስከተለ ስለ ነበረ፡፡ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ እንዲያውም ሁለቱ ሐዋርያት አስቀድመው ተስማምተው ለሕዝቡ ትምህርት ያደረጉት አድርጎ ተርጕሞታል፡፡ በየትኛውም መንገድ ብንረዳው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ቅዱስ ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ጠርቶታል (2ኛ ጴጥ. 3፥15)፤ እኛም ሐምሌ 5 ቀን ሁለቱን በአንድነት እናከብራለን፡፡

መሪ የሚታረምበትን መንገድ ለማየት ግን ከነቢዩ ሙሴ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፡፡ የምድያም ካህን ዮቶር አማቹን ሊጠይቅ መጥቶ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አየ፡፡ ያየው አንድ ቀን ሙሉ ነው፤ ከዚያ ጠየቀ፤ ምክንያቱን ሰማ፤ ሕዝቡም ሙሴም እንደሚደክሙ ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው፡፡ ምክሩንም እግዚአብሔር ቢያዝህ ብሎ አቀረበለት (ዘፀ. 18)፡፡ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገረው ነቢይ «ይህን እኔ አጣሁት?» አላለም፤ እንደ ተነገረው አደረገ፡፡ የቤተ ክርስቲያናችን ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጡም አስተዳዳሪው ብቻውን እንዳይደክም፣ ብቻውንም እንዳይሳሳት የሚረዳ ነው፡፡ ጠረጴዛው ያለ ሥራ ሲቀር፣ ሰብሳቢው ተናግሮ ሌላው አንገቱን ነቅንቆ ሲበተን፣ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ወደ ተቀመጠባት ወንበር እንመለሳለን፡፡

ያለ አግባብ መነቀፍም በዚሁ ነቢይ ላይ ደርሷል፡፡ እኅቱ ማርያምና ወንድሙ አሮን ባገባት በኢትዮጵያዊቱ ሴት ምክንያት በእርሱ ላይ ተናገሩ (ዘኍ. 12)፡፡ ሙሴ አልመለሰም፤ መጽሐፍ ከሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደ ነበረ የሚናገረውም በዚህ ቦታ ነው፡፡ እግዚአብሔር ራሱ ተናገረለት፤ ማርያምም በለምጽ ተመታች፡፡ ያን ጊዜ ሙሴ አፉን ከፈተ፤ የከፈተውም እንድትፈወስ ለመለመን ነው፡፡

ማርያም ከሰፈር ውጭ ሰባት ቀን ተዘግታ ቆየች፤ ቅጣቱ አልቀረም፡፡ ሕዝቡ ግን እስክትመለስ ድረስ አልተጓዘም፡፡ ወደ ተስፋይቱ ምድር የሚሄድ ይህን የሚያህል ሕዝብ ድንኳኑን ሳያነሣ አንዲት ሴት ጠበቀ፡፡ ከንስሓ አባቱ ቀኖና ተቀብሎ ከአገልግሎት ለጥቂት ጊዜ የቆመ ዘማሪ ወይም ዲያቆን ሲመለስ የሚያገኘው ነገር ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል፡፡ በአንዱ ቦታ ስሙ ከዝርዝር ተሰርዞ፣ መግቢያው ላይ ሹክሹክታ ይቆየዋል፡፡ በሌላው ቦታ ከቀኖናው የመጨረሻ ቀን በፊት ኀላፊው ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚመጣውን እሑድ መዝሙር ያስይዘዋል፤ የዝማሬ ልብሱም ታጥቦ በዕቃ ቤቱ በቦታው ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡